በሻላ ሐይቅ ዳር ስለ መሮጥ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ለብዙ ነገር ይነገራል፤ ለንግድም፣ ለጋብቻም፣ ለሹመትም ይጠቀሳል። ነገር ግን ቃሉ የተወለደው ከሩጫ ስለ ሆነ ዛሬ ወደ ትውልድ ቦታው መልሰን በገዛ ትርጕሙ ልንመለከተው እንወዳለን። ጕዳያችንም በዚህ ዘመን ብዙ ወጣቶች የወደዱት አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም ከአስፋልትና ከስታዲየም ወጥቶ በኮረብታና በሐይቅ ዳር፣ እረኛና ከብት በሚሄዱበት ቀጭን መንገድ መሮጥ ነው።

በቅርቡ አንድ የማከብራቸው የቤተሰብ አባት ስለዚህ ነገር ጠየቁኝ። የ17 ዓመት ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋራ ወደ አቢጃታና ሻላ ወርዶ በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ኮረብታ በሩጫ ለመዞር ፈቃድ ለምኗቸዋል። እናትየው ደግሞ «ልጄን ለበረሃ አልሰጥም» ብለው ቈርጠው ተነሥተዋል። አባትየውም «መምህር፣ እርስዎ ከልጆች ጋራ የኖሩ ሰው ነዎትና ምን ይመክሩናል?» አሉኝ። ጥያቄው የእርሳቸው ቤት ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ የሰጠኋቸውን መልስ እዚህ ላይ አስፍቼ አቀርበዋለሁ። መልሱ በአጭሩ «ይሂድ፤ ነገር ግን ከቤቱ ታጥቆ ይሂድ» የሚል ነው። የእናትየው ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ ሥጋቱ ግን ልጁን ለመከልከል ሳይሆን ለማስታጠቅ ሊውል ይገባዋል።

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ መንገድ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ የላንጋኖን ሐይቅ በስተግራ ትተው አርሲ ነገሌ ከመድረሳቸው በፊት፣ በስተቀኝ በኩል የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በተከለለበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነበር። የቀረው የስምጥ ሸለቆ ወለል ነው፤ ግራር የበቀለበት ሜዳ፣ አቧራማ መንገድና በእጅ ሲያነሡት የሚቀል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሣሩ ቶሎ ይደርቃል፤ ከኅዳር ወዲያ ምድሩ የታጨደ የገብስ ማሳ መስሎ ይታያል።

ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አይመሳሰሉም። ሻላ የጥንት እሳተ ገሞራ አናቱ ወደ ውስጥ ተደርምሶ በተወው ታላቅ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። በስፋት የአገራችን ታላቅ ሐይቅ የሆነው ጣና በጥልቅ ስፍራው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ የሻላ ጥልቀት ምን ያህል እንደሚያስደንቅ እንረዳለን። ስለዚህም ውኃው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ በገደል መካከል ይታያል። አቢጃታ ግን ሳሕን የመሰለ፣ ጥልቀቱ ጥቂት፣ ዳርቻው ዝርግ የሆነ ሐይቅ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ አጥር የቆመ የኮረብታ ጀርባ አለ፤ በዚያ ያለው የፊኬ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 2,075 ሜትር ሲሆን የሐይቆቹ ዳር ከ1,550 ሜትር ብዙም አይርቅም። ሯጩ ከግራሩ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ኮረብታው ጀርባ ይወጣል፤ ከላይ ሆኖ አንዱን ሐይቅ በዚህ፣ ሁለተኛውን በዚያ ያያል፤ ከዚያም ወደ ሻላ ፍል ውኃ ወርዶ፣ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል።

ጧት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከዚህ ኮረብታ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የአርሲን ተራሮች ያያል። ከእነዚያ ተራሮች ሥር በቆጂ የምትባል ከተማ አለች። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ነው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫን አሸንፋ በኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ለወንዶች ልጆች ብቻ እንደ ተጻፈ አድርጎ የሚያነብ ወላጅ እንዳይኖር አደራ እንላለን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሐይቅ ዳር የሚሮጥ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ዓይኑ እንደሚያታልለው ነው። በሜዳና በከተማ ዓይን ታማኝ አገልጋይ ነው፤ በደረቅ አገር በሐይቅ ዳር ግን ሦስት ጊዜ ይዋሻል።

የመጀመሪያው ስሕተት በውኃው ነው። ሯጩ ሙሉ ሰዓት ውኃ እያየ ይሮጣል፤ ከዚያ ሁሉ ውኃ ግን አንድ ጕንጭ ሊጠጣ አይችልም። ሻላም አቢጃታም ጨውና ሶዳ የበዛባቸው ሐይቆች ናቸውና። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ወንዞች ወደ ሐይቆቹ ይገባሉ እንጂ ከሐይቆቹ የሚወጣ ወንዝ የለም። ወንዝ ሁሉ ከድንጋይና ከአፈር ያጠበውን ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል፤ ፀሐይ ውኃውን ወደ ሰማይ ስታነሣው ጨውን ትተወዋለች። ይህ በብዙ ሺህ ዓመታት ሲደጋገም ውኃው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ይሆናል። ይህን ውኃ የጠጣ ሰው ሆዱን ይታመማል፤ ጥሙም ይብስበታል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እዚህ ላይ ተረት መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሕተት በርቀቱ ነው። በውኃ ላይ ርቀትን የምንለካበት ዛፍም ቤትም የለም፤ የደረቅ አገር አየርም ጥሩ ሲሆን የሩቁን ያቀርባል። ስለዚህ ማዶ ያለው ገደል አጠገባችን ያለ ይመስላል። ሻላ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ነው። ልጆች ከኮረብታው ላይ ቆመው «ይህን እኮ እስከ ምሳ ሰዓት ዞረን እንመለሳለን» ቢሉ ዓይናቸው እያሳታቸው መሆኑን ማወቅ አለባቸው። ሐይቁን ሙሉ በሙሉ መዞር ገደሉም፣ ርዝመቱም፣ የውኃ እጦቱም ስለማይፈቅድ ለጀማሪ የሚታሰብ ነገር አይደለም። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለው አጭሩ ዙር ይበቃዋል።

የዙር መንገድ ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። በአንድ መንገድ ሄዶ በዚያው የሚመለስ ሰው ቢደክመው በማናቸውም ጊዜ ፊቱን መመለስ ይችላል። በዙር መንገድ ግን እኩሌታውን ካለፉ በኋላ መመለስ ማለት ወደ ፊት ከመሄድ የበለጠ መጓዝ ነው። ስለዚህ «እቀጥል ወይስ ልመለስ» የሚለው ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ከእኩሌታው በፊት ነው። በምግባር የተፈተነ አንድ ቀላል ሕግ ልስጣችሁ፤ የመንገዱ እኩሌታ ሳይደርስ የያዛችሁት ውኃ እኩሌታው ካለቀ፣ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ወኔ ይህን ሕግ ሊሽረው አይገባም።

ሦስተኛው ስሕተት በመሬቱ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም ይህ ነው። የአቢጃታ ዳርቻ ከሩቅ ሲታይ ነጭ፣ ደረቅና ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል። ጠመዝማዛውን የኮረብታ መንገድ ትቶ በዚያ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ለመሻገር የማይመኝ ሯጭ የለም። ነገር ግን ያ ነጭ ነገር ውኃው ሲሸሽ የተወው የሶዳ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ እርጥብ ጭቃ አለ። በሜዳው ተታልለው የገቡ መኪናዎች በዚያ ጭቃ ተውጠው ቀርተዋል። የሰው እግርም እስከ ጕልበት ሊሰምጥ ይችላል። በሻላ ዳር ያለውም ፍል ውኃ እንዲሁ ነው፤ ለመፍላት ጥቂት የቀረው ውኃ ከመሬት እየወጣ በዙሪያው ያለውን አፈር ያለሰልሰዋል። የአካባቢው ሰዎች ለፈውስ ብለው የሚታጠቡበት የታወቀ ቦታ ስላላቸው እነርሱ በረገጡበት መርገጥ፣ እነርሱ ባልሄዱበት አለመሄድ ይገባል። በአጭር ቃል፣ በዚህ አገር አቋራጭ መንገድ የለም።

የአቢጃታ ዳርቻ ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ማወቅ ደግሞ ለሯጩ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ይጠቅማል። ከ10 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ዝናሙ ከዛሬው የበዛ በነበረበት ዘመን፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ አራቱም አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሲሞላም ውኃው በሰሜን በኩል ፈስሶ ወደ አዋሽ ይሄድ ነበር። የዚያ ሐይቅ ዳርቻ ዛሬ ከሻላ ውኃ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በኮረብታዎቹ ጎን እንደ ደረጃ ተሠርቶ ይታያል። ሯጩ ወደ ኮረብታው ሲወጣ በድንገት ለጥ ያለ መሬት ቢያገኝ፣ ከእግሩም በታች የቀንድ አውጣ ቅርፊት ቢያይ፣ በጥንት ባሕር ዳር እየሮጠ መሆኑን ይወቅ።

ያ መሸሽ የአየር ጠባይ ሥራ ነበር። የዛሬው የአቢጃታ መሸሽ ግን በአብዛኛው የእጃችን ሥራ ነው። አቢጃታ የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ ወንዝ በሚመጣለት ውኃ ነው። ከላይ በኩል ለመስኖ የሚቀዳው ውኃ በበዛ ቍጥር ወደ ታች የሚደርሰው ያንሳል፤ ከሐይቁም ራሱ ለሶዳ ማምረቻ ውኃ ሲወሰድ ኖሯል። ሐይቁ ዝርግ ስለ ሆነ ውኃው ጥቂት ዝቅ ባለ ጊዜ ዳርቻው እጅግ ርቆ ይሸሻል። በሳሕን ያለ ውኃ ጥቂት ቢቀነስለት ጠርዙ ሁሉ እንደሚደርቅ ማለት ነው። ውኃው ሲያንስ ጨዉ ወፈረ፤ ጨዉ ሲወፍር ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩት የሚያሳድጉ ፔሊካን የሚባሉ ታላላቅ ነጫጭ ወፎች ቀድሞ ለምግባቸው ኮረብታውን ተሻግረው ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር። ሻላ ማደሪያቸው፣ አቢጃታ ጓዳቸው ነበርና። ጓዳው ባዶ ሲሆን ማደሪያውም አልጠቀማቸውም። ስለዚህ የቆየ ካርታ ይዞ የሚሮጥ ልጅ በካርታው ላይ ውኃ በተጻፈበት ስፍራ አቧራ ቢያገኝ አይደነቅ፤ ነገሩን ግን ሳያስተውል አይለፍ።

እንግዲህ ዓይን የሚያታልል ከሆነ ሯጩ ልኩን ከቤቱ ይዞ መሄድ አለበት። ትጥቁም የሚከተለው ነው።

አንደኛው ትጥቅ ውኃ ነው። ሰው ሲሮጥ ከሚያወጣው ኀይል አራት እጅ ሦስቱ ያህል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰውነት ያንን ሙቀት የሚያወጣው በላብ ስለ ሆነ በሙቅ አገር የሚሮጥ ሰው በአንድ ሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያልበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ውኃ በጀርባው ይያዝ፤ «ከጓደኛዬ እጠጣለሁ» አይበል። ጥም እስኪያቃጥለው ሳይጠብቅ ጥቂት በጥቂት ይጎንጭ። ይሁን እንጂ ከመጠን በላይ ውኃ መጠጣትም ጕዳት አለው፤ በላብ ጨው ከወጣ በኋላ ባዶ ውኃ ብቻ ቢሞሉበት የደም ጨው ይሳሳና ራስ ምታትን፣ ማስታወክን፣ ሲብስም ራስን መሳትን ያመጣል። ስለዚህ ጨው ያለበት ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በኪስ መያዝ መልካም ነው። አያቶቻችን ለመንገድ ዳቦ ቆሎ የቋጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለተኛው ትጥቅ ሰዓት ነው። በዚያ አገር ሩጫ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ሊያልቅ ይገባዋል። ከ4 ሰዓት በኋላ የግራር ጥላ ከዛፉ ሥር ብቻ ይቀራል፤ አፈሩም ሙቀቱን ወደ ላይ ይመልሳል። በዚህ ምክንያት ማታውን በአካባቢው ያደረ ሰው ከአዲስ አበባ በሌሊት ከሚነሣው ይልቅ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ትጥቅ ጫማ ነው። በዚህ ነገር ላይ ልጆች አበበ ቢቂላን ምስክር አድርገው ይጠቅሱብናል። እውነት ነው፤ አበበ በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸንፏል። ነገር ግን ታሪኩን እኩሌታ ላይ ማቆም አይገባም። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ኦሎምፒክ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ጊዜውም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሆነ። በማራቶን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው የሆነውም ያን ቀን ነው። የሮም ጎዳናም ድንጋይ የተነጠፈበት እንጂ የግራር እሾህ የረገፈበት አልነበረም። የግራር እሾህ ስስ የጎማ ሶል እንኳ ይበሳልና ሶሉ ወፍራምና የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ጫማው አዲስ ከሆነም አስቀድሞ በአጫጭር መንገድ ይለማመዱት።

አራተኛው ትጥቅ ልምምድ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ልጁ ከመውረዱ በፊት ለሁለትና ለሦስት ወር በሰፈሩ ይለማመድ። የሚሮጠውን መንገድ ከሳምንት ወደ ሳምንት ሲጨምር ከአንድ አሥረኛ ባያልፍ ይሻላል። እየሮጠ ከጓደኛው ጋራ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ከዐቅሙ በላይ እየሮጠ ነው። በአቀበት ላይ እርምጃውን ያሳጥር፤ ቁልቁልነቱ የበረታ ከሆነ በእግሩ ይራመድ፤ ብርቱ ሯጮችም ያደርጉታልና ነውር የለበትም። ብዙ ሰው አቀበቱን ይፈራል፤ ጕልበትን የሚጎዳው ግን ይልቁንም ቁልቁለቱ ነው። በቁልቁለት የጭን ጡንቻዎች እየተለጠጡ የሰውነትን ክብደት ስለሚይዙ ሕመሙ በማግሥቱና በሠልስቱ ይመጣል። ስለዚህ ሲወርዱ ጕልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፣ ተረከዝን እንደ ልጓም ሳይጠቀሙ፣ በአጫጭር እርምጃ መውረድ ነው። ዓይንም ወደ ሐይቁ ሳይሆን ሦስትና አራት እርምጃ ወደ ፊት ወደ መንገዱ ይመልከት። ሐይቁን ለማየት የፈለገ ቆሞ ይይ፤ እየሮጠ የሚያይ ቍርጭምጭሚቱን ይከፍላል።

አምስተኛው ትጥቅ ባልንጀራ ነው። ሦስት ሆነው ይሂዱ እንጂ ከሦስት አይጕደሉ፤ አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ርዳታ ሊጠራ ይሄዳል። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ፈቃድና መንገድ መሪ ይውሰዱ። በዚያ ከብት የሚያረቡ የአርሲ ኦሮሞ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ምድሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና በአክብሮት ሰላምታ መስጠት፣ በከብት መካከል አለመሮጥ፣ ወደ ደጃቸው ሲቀርቡም ውሻ እንዳይደነግጥ ቀስ ብሎ መራመድ ይገባል።

ስለ ጾምም አንድ ቃል ልጨምር፤ በቤታችን የሚነሣ ጥያቄ ነውና። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ከምግብና ከውኃ ተከልክሎ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ መሮጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። ለሩጫ ብሎ ጾምን መሻርም አይገባም። ሁለቱን ማጋጨት ምን ያስፈልጋል? በዓመቱ ውስጥ የፍስክ ቀናት ሞልተዋል፤ ሩጫው በእነዚያ ቀናት ይሁን። እሑድንም ለቅዳሴ ትተን ቅዳሜን እንምረጥ።

ወላጅም ልጅም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የሙቀት ሕመም ነው። ሯጩ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ያለ ምክንያት ከተቈጣ ወይም «ብርድ ብርድ አለኝ» ካለ፣ ይህ ተራ ድካም አይደለም። የሰውነቱ ሙቀት ከልክ አልፎ አእምሮውን መንካት ጀምሯል። ባልንጀሮቹ «ጥቂት ነው የቀረን፣ በርታ» እያሉ እንዲሮጥ ማድረግ የለባቸውም። ወዲያው ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ልብሱን አላልተው፣ በያዙት ውኃ ራሱን፣ አንገቱንና ብብቱን እያራሱ በልብስ ያራግቡት፤ አእምሮው ካልተመለሰ ውኃ በአፉ አያፍስሱበት፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ለማቀዝቀዝ የሚሆነው ውኃ ጨዋማም ቢሆን ግድ የለም፤ የማይጠጣው ሐይቅ በዚህ ጊዜ ለቆዳ ይጠቅማል። ርዳታ የሚጠራው ማቀዝቀዙ ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን አብሮ ነው። በዚህ ሕመም ሰውን የሚያድነው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያነብ ወላጅ «ይህን ያህል አደጋ ካለበት ለምን ይሄዳል?» ሊል ይችላል። መልሱ ይህ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ብዙ ነገር ይማራሉ፤ ዐቅማቸውን በእውነት የሚለኩበት ስፍራ ግን ጥቂት ነው። በፈተና ያልተሳካለት ልጅ መምህሩን ሊወቅስ ይችላል፤ በኮረብታ መንገድ ላይ ግን ውኃውን ቀድሞ የጨረሰ ልጅ የሚወቅሰው ሰው የለም። ደግሞም አቢጃታን በመጽሐፍ ያነበበ ልጅ ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ያውቃል፤ በእግሩ ሄዶ፣ ትናንት ውኃ የነበረውን አቧራ ረግጦ፣ የጥንቱንም ዳርቻ በኮረብታው ላይ አይቶ የተመለሰ ልጅ ግን ነገ ስለ ውኃና ስለ መስኖ በሚመክር ሸንጎ ላይ ቢቀመጥ የሚናገረው ሌላ ይሆናል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላልና፣ ያላዩትን ሐይቅ የሚጠብቅ ትውልድ አይነሣም።

በመጨረሻም ይህን አድርጉ። ልጃችሁ ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ አብራችሁ ተቀመጡና በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፤ ከማን ጋራ እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሮጥ፣ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚይዝ፣ ስንት ሰዓት ላይ የትም ቢደርስ ፊቱን እንደሚመልስ። የመመለሻውን ሰዓት ልጁ ራሱ በእጁ ይጻፈው። ወረቀቱ ከእናቱ ዘንድ ይቀመጥ። ሰዓቱ ካለፈ ማንን እንደምትጠራና የት እንደሚፈለግ ታውቃለች፤ ልጁም በኮረብታው ላይ ሆኖ ወኔው ሲገፋፋው በገዛ እጁ የጻፈውን ሰዓት ያስታውሳል። ይህ ወረቀት ሳይሮጡ የታጠቁት ትጥቅ ስለ ሆነ ሲሮጡ አይፈታም።

ለወጣቶቻችን ጤናና ብርታት እንመኛለን።